አዲሱ መኪና ተሳቢ ሲቀጠልበት ለምን ይደክማል? ከአሊዩ አምባ ዳገት የሚነሳ ማብራሪያ

መኪናው አዲስ ነው። የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም። ባዶውን ሲነዳ ይበራል። ተሳቢ ተቀጥሎበት፣ ተጭኖ፣ ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ፊቱን ሲያዞር ግን ሌላ መኪና ይሆናል። ማርሹ ወርዶ ወርዶ አንደኛ ይገባል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ መሃል ዳገት ላይ ቀጥ ይላል። ጋራዥ ይወሰዳል። "ምንም የለውም፣ ኖርማል ነው" ይባላል። በሳምንቱ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። እንዲህ ዓይነት መኪና ብዙ ጊዜ የሚገዛው በቤተሰብ መዋጮና በባንክ ብድር ነው። መኪናው ቆመም ሄደም የወሩ ክፍያ አይቆምም። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። ችግሩ የመኪናው ነው ወይስ የጭነቱና የዳገቱ? የመኪናው ከሆነስ መብታችሁን እንዴት ታስከብራላችሁ? በየተራ እንየው።

ዳገቱ ድሮም ፈተና ነበር

አሊዩ አምባ ከአፋር ቆላ ወደ ሸዋ ደጋ በሚወጣው የድሮ የሲራራ ንግድ መስመር ላይ የነበረች ስመ ጥር የገበያ ከተማ ናት። በ1833 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 1841) የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ግመሎቹ የተሸከሙት ዕቃ ከተራራው ሥር ተራግፎ ሽቅብ የወጣው በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ነበር። ግመል በሜዳ ብዙ ይሸከማል፤ አቀበት ግን ሌላ ጨዋታ ነው። የዛን ጊዜ ነጋዴ ይህን ስለሚያውቅ ዳገቱ ሥር ሲደርስ እንስሳውን ይቀይር ነበር።

እኛ ዛሬ አንቀይርም። ቆላውንም ደጋውንም አንዱ ሞተር ብቻውን እንዲጨርሰው ነው የምንጠብቀው። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ያህል እየጠየቅነው እንደሆነ እንወቅ።

ሒሳቡን አብረን እንስራው

10 በመቶ ዳገት ማለት በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ነው። በዚህ ዳገት ላይ እያንዳንዱ ቶን መኪናውን ወደ ኋላ በ100 ኪሎ ያህል ኃይል ይጎትተዋል። መኪናው፣ ተሳቢውና ጭነቱ በድምሩ 40 ቶን ከሆኑ 4 ቶን ወደ ኋላ እየጎተታችሁ ነው ማለት ነው። የጎማው ሰበቃ ገና አልተቆጠረም።

በየመንገዱ የምናየውን 371 የፈረስ ጉልበት ያለው ከባድ መኪና እንውሰድ። ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ 15 በመቶ ያህል ጉልበት በመንገድ ላይ ይባክናል ብንል፣ ይህ መኪና 40 ቶን ይዞ 10 በመቶ ዳገት የሚወጣው በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ 20 ቶን ቢሆን ወደ 40 ይጠጋል። ሙሉ ጤነኛ መኪና ማለት ነው እንግዲህ!

በዚያ ላይ አየሩ አለ። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ውፍረቱ የባሕር ጠረፍ አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ናፍጣ ለመቃጠል አየር ይፈልጋል፤ ቱርቦ የሚባለው ነገር አየር አፍኖ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይተካም። ውሃም እዚያ ከፍታ ላይ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው የታመቀው ግፊት ስለሆነ፣ የላላ የራዲያተር ክዳን ቆላ ላይ ሳያስቸግር ደጋ ላይ ጉድ ሊያፈላ ይችላል።

እንግዲህ "ቀስ ብሎ መውጣት" ብቻውን በሽታ አይደለም። በሽታው ሌላ ነው፤ ተመሳሳይ መኪና ተመሳሳይ ጭነት ይዞ እያለፈው እሱ ሲቆም፣ ትናንት በሦስተኛ የወጣውን ዳገት ዛሬ በአንደኛ ሲያቅተው፣ ወይም ሙቀቱ ቀይ ሲነካ።

ሌላም ነገር አለ። በር ላይ ወይም ካቢኑ ውስጥ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ አንብቡ። ሁለት የተለያዩ ክብደቶች ይጻፋሉ፤ አንዱ መኪናው ለብቻው ከነጭነቱ የሚፈቀድለት፣ ሌላው ተሳቢውን ጨምሮ የሚፈቀድለት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይገዛል። ሁለተኛውን ካለፋችሁ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ነው የተሸነፋችሁት።

በሦስት ጉዞ ችግሩን ለዩት

መካኒክ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። አንድ ዳገት ምረጡ፣ ሾፌሩ አንድ ይሁን።

👉 አንደኛ ጉዞ፦ መኪናው ብቻውን፣ ያለ ተሳቢ።
👉 ሁለተኛ ጉዞ፦ ባዶ ተሳቢ ተቀጥሎ።
👉 ሦስተኛ ጉዞ፦ ሕጋዊው ጭነት ተጭኖ።

በየጉዞው የትኛው ማርሽ እንደያዘ፣ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ የሙቀቱን መርፌና የጭሱን ቀለም መዝግቡ። ረዳቱ ዳሽቦርዱን በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ። ይህች ቪዲዮ ኋላ ላይ ወርቅ ትሆናለች።

ባዶ ተሳቢ ሲቀጠል ብቻ ከደከመ ዓይናችሁን ተሳቢው ላይ ጣሉ። ባዶውን ሁሉ ሮጦ ጭነት ሲይዝ ብቻ ከታነቀ ነዳጁን፣ አየሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ማቀዝቀዣውን ጠርጥሩ። ብቻውንም ቢሆን ከደከመ መኪናው ራሱ ታሟል።

ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች

1. የማይለቅ ፍሬን። ብዙ ሰው የማይገምተው ይህን ነው። የተሳቢው ፍሬን የሚሰራው በንፋስ ነው። ከመኪናው ወደ ተሳቢው ሁለት ቱቦ ይሄዳል፤ ቀዩ ንፋስ የሚመግበው ነው፣ ቢጫው ደግሞ ሾፌሩ ሲረግጥ ትእዛዙን የሚያደርሰው። ቀዩ ላይ ንፋስ ከጎደለ ወይም ማስተካከያው ከልክ በላይ ከጠበቀ ፍሬኑ በከፊል እንደያዘ ይጓዛል። ሞተሩ ከዳገቱ ጋርም ከራሱ ፍሬን ጋርም ይታገላል ማለት ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ፍሬን ብዙ ሳትይዙ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱና ሜዳ ላይ ቁሙ። በየጎማው በኩል መዳፋችሁን ወደ ታምቡሩ ጠጋ አድርጉ። አትንኩት፣ ያቃጥላል! አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ሌባው ተገኘ።

2. ናፍጣው። ከጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ የነዳጅ ፊልትሮውን ያፍናል። በሜዳ ጥቂት ነዳጅ ስለሚበቃ ችግሩ አይታይም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲጠይቅ ግን አይደርሰውም። ከፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ በንጹሕ ጠርሙስ ቅዱና እዩት። ውሃ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል።

3. አየሩ። በጠጠር መንገድ የሚሰራ መኪና የአየር ፊልትሮው በመጽሐፉ ከተጻፈው ቀድሞ ይሞላል። ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደው ቱቦ ማጥበቂያው ከላላም የታመቀው አየር ያመልጣል፤ አዲስ መኪና ላይም ያጋጥማል። ምልክቱ ጥቁር ጭስና እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ነው። ጥቁር ጭስ "ናፍጣው በዝቷል፣ አየሩ አንሷል" ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ ሊሆን ይችላል።

4. ፍሪሲዮን። የሞተሩ ዙር ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል? ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

5. የሞተሩ ኮምፒውተር። አዳዲስ መኪኖች አንድ ነገር ሲያሰጋቸው ራሳቸውን ለመጠበቅ ጉልበት ይቀንሳሉ። መብራት በርቶ ከጠፋ "ጠፋ እኮ" ብላችሁ አትለፉት። ስህተቱ በኮድ ተመዝግቦ ሊቆይ ይችላል። ኮዱ ከመሰረዙ በፊት ይነበብ፣ ፎቶ ይነሳ።

6. የዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔ። አንዳንድ መኪና ለፍጥነት፣ አንዳንዱ ለጉልበት ተብሎ ይገጠማል። ለሜዳ የተገጠመ መኪና ምንም ሳይጎድለው ዳገት ላይ ያቅተዋል። ይህ በጥገና አይድንም፤ ሲገዛ ነው የሚጠየቀው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ "ፓምፑን ከፍተን ጉልበት እንጨምርልህ" የሚል ሰው ሲመጣ አመስግናችሁ እለፉት። ሞተሩ ይግላል፣ ጭሱ ይብሳል፣ የሻጩ ዋስትናም በዚያው ሊያበቃ ይችላል።

ሽቅቡ ያናድዳል፣ ቁልቁሉ ይገድላል

ዳገት ያቃተው መኪና ቁልቁለትም ላይ መታመኑን ጠርጥሩ። 40 ቶን በከፍታ 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 6 ሊትር ተኩል ናፍጣ ሲነድ ከሚወጣው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ሾፌሩ በእግር ፍሬን ብቻ ከወረደ ያ ሁሉ እሳት የሚገባው ታምቡሩና የፍሬኑ ሸራ ውስጥ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል። "ፍሬን እምቢ አለኝ" የሚባለው ይሄ ነው።

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባም ሆነ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ሕጉ አንድ ነው፦ ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አውርዱ፣ የሞተር ፍሬኑን ተጠቀሙ፣ የእግሩን ፍሬን ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ነፍስን ማስያዝ ነው። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ሥር ደግሞ ታኮ ሳይገባ ማንም ሰው አይግባ።

"ኖርማል ነው" ሲሏችሁ

ሁሉንም አጣርታችሁ ችግሩ የመኪናው ከሆነ ጨዋታው ከቁልፍ ወደ ወረቀት ይዞራል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠቅሰው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅን (ቁጥር 813/2006) ነው። ነገር ግን አዋጁ "ሸማች" የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ለንግድ ጭነት የተገዛ መኪና እዚህ ውስጥ መግባቱ ያከራክራል። ጠንካራው መደገፊያችሁ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 2287 ሻጭ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ቁጥር 2289 ደግሞ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ወይም በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የማይበቃ ከሆነ እንደ ጉድለት ያየዋል።

"በውሉ ለታሰበው" የሚለውን ልብ በሉ። ስትገዙ ውሉ ላይ "ይህን ያህል ቶን ተሳቢ ለመጎተት" ብላችሁ ካጻፋችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። በቃል የተነገረ ነገር ግን ለማስረዳት መከራ ነው።

ጊዜውም ይቆጠራል። ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት (ቁጥር 2292)። ካስታወቀ በኋላ ደግሞ በ1 ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ፣ ሻጩ ሆን ብሎ ካላታለለው በቀር መብቱን ያጣል (ቁጥር 2298)። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። "ነገ ና"፣ "ባለሙያው አልመጣም"፣ "ዕቃው እየተጫነ ነው" እየተባለ ዓመቱ ያልቃል።

ስለዚህ፦

👉 ቅሬታውን በደብዳቤ ጻፉ። ቀኑ፣ የተሄደው ኪሎ ሜትር፣ ጭነቱና ዳገቱ ይጠቀስ። ግልባጩ ላይ "ተቀብያለሁ" የሚል ፊርማና ማኅተም አስደርጉ።
👉 መኪናው ጋራዥ በገባ ቁጥር የተሰራውን የሚዘረዝር ወረቀት ተቀበሉ። "ምንም አልተገኘም" ቢሉም በጽሑፍ ይስጧችሁ። ለተመሳሳይ ችግር ለአራተኛ ጊዜ መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ራሱ ማስረጃ ነው።
👉 የሚዛን ወረቀት ያዙ። "ከልክ በላይ ጭነህ ነው" የሚለውን መልስ የሚዘጋው እሱ ነው።
👉 ሰርቪሱን በሰዓቱ አሰሩ፣ ደረሰኙን አትጣሉ።
👉 መኪናው በብድር ከሆነ ባንኩን በጊዜ አሳውቁ። ክፍያ ካቋረጡ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።
👉 ስድስት ወር ሳይሞላ ጠበቃ አማክሩ። ወረቀቱ የተሟላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይደረስ በድርድር ያልቃል።

የድሮው ነጋዴ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ቆሞ ጭነቱን ያይ ነበር፤ ይህ ለዚህ፣ ያ ለዚያ እያለ ይከፋፍል ነበር። የዛሬው ባለመኪናም ዳገቱ ሥር ቆሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ቶን ነው? ፍሬኑ ለቋል? ወረቀቴ ተሟልቷል?

መኪና ለመግዛት ብር እያዋጣ ያለ ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁ ውል ከመፈረሙ በፊት ላኩለት። ከፈረመ በኋላ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ላኩለት።