ብቻውን ለሚኖር ሰው የገጠር ጡረታ

ሥራን ጨርሶ፣ ከከተማ ወጥቶ ገጠር ውስጥ ለብቻ መኖር በኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው አዛውንት ቆብ ደፍተው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሰው ቀሪ ዘመናቸውን ማሳለፋቸው የቆየ ልማድ ነው። ነገሥታትም ሞክረውታል። ጎንደር ላይ የነገሡት ቀዳማዊ ኢያሱ በመጨረሻ ወደ ጣና ደሴት ገለል ብለው ነበር፤ ዘውዱን የያዘው ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ግን እ.ኤ.አ. በ1706 አስገደላቸው። ዙፋን የለቀቀ ሰው በደሴትም አይረሳም።

ዛሬ ይህን ኑሮ የሚመኘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መናኝ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ መምህር፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ አላገባ ብሎ የኖረ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ወይም ውጭ አገር ሲሠራ ኖሮ ጫጫታ የሰለቸው ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ 84 በመቶ ያህሉ በገጠር ይኖር ነበር፤ ከዚያ በፊት ባሉት ዐሥርት ዓመታት ድርሻው ከዚህም ይበልጥ ነበር። ስለዚህ አሁን 60 ዓመት የሚሞላው ከተሜ ገጠር ተወልዶ ያደገ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ጸጥታን ሲያስብ የሚታየው የልጅነት ቀዬው ነው። ግን ያን ቀዬ በልጅነቱ ያየው በብዙ ሰው ጉልበት በተያዘ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ለብቻ ሲኖሩበት ገጠር ሌላ ነው፤ እንዲያውም ከከተማ ይልቅ የሰው እጅ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ምርጫው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወደ ትውልድ ቦታ መመለስ ወይም ወደማያውቁት አገር መሄድ። ወደ ትውልድ ቦታው የተመለሰ ሰው ወገን አለው፤ ብቸኝነት ግን አያገኝም። የወንድም ልጅ የትምህርት ወጪ፣ የአክስት ሕመም፣ የዘመድ የድንበር ክርክር ደጁ ላይ ይጠብቁታል፤ “ከተማ የኖረ ገንዘብ አለው” ተብሎም ይታመናል። ወደማያውቀው አገር የሄደው ደግሞ ጸጥታውን ያገኛል፤ ሲታመም ጠያቂ፣ ሲሞት ቀባሪ ግን ከባዶ ተነሥቶ ማፍራት አለበት። ከዚህም በፊት የአካባቢው ሰላም መጣራት አለበት። ባለፉት ዓመታት በሰሜኑም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች የተካሄዱት ግጭቶች ብዙ የገጠር መንገዶችን ዘግተዋል፤ ብቻውን የሚኖር አዛውንት ደግሞ ነገር ሲበላሽ ቶሎ ሸሽቶ መውጣት አይችልም።

ከዚያ የሚቀጥለው የመሬት ጉዳይ ነው፤ ብዙው ዕቅድ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ የከተማ ቤት ሸጦ ወንዝ ዳር ግማሽ ሄክታር መግዛት የሚባል ነገር በሕግ ፊት የለም። በደላላና በሽማግሌ ምስክርነት፣ በብድር ወይም በኪራይ ስም የሚደረግ “ሽያጭ” አለ፤ ሆኖም ሻጩ ወይም ልጆቹ ነገ ተነሥተው ቢከራከሩ ገዢው የሚቆምበት ሕጋዊ መሠረት አይኖረውም። ባለ ነጭ ፀጉር ባይተዋር በዚህ ዓይነት ክርክር ዓመታት ሲንከራተት ማየት ያሳዝናል፤ ገንዘቡ ሄዷል፣ ዕድሜውም አይመለስም።

ርስት አለኝ የሚለውም ቢሆን በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። አዋጅ ቁጥር 456/1997 የገጠር መሬት የመጠቀም መብትን የሰጠው በግብርና መተዳደር ለሚፈልግ ሰው ነበር። ውርስን የፈቀደውም ለ“ቤተሰብ አባል” ሲሆን፣ ይህም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው ማለት ነው። ዐርባ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ የኖረ ልጅ በዚህ ትርጉም ውስጥ መግባቱ አጠራጣሪ ነው። በ2016 ዓ.ም. ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1324 የወጣ ቢሆንም ዝርዝሩ በየክልሉ ሕግ የሚወሰን ስለሆነ፣ ዘመድ የሚለውን ከመስማት አስቀድሞ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ መዝገቡ በማን ስም እንደሆነ ማየት ይሻላል።

በዚህ ምክንያት ለብዙው ጡረተኛ የሚሆነው ቦታ ትንሽ የወረዳ ከተማ ዳር ነው፤ አንድ እግር ከተማ፣ አንድ እግር ገጠር። እዚያ ቤት መግዛት ወይም መከራየት ይቻላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል። ጓሮ ይገኛል፣ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነው፣ የገበያ ቀን በእግር ይደረሳል፤ ከከተማዋ ጫፍ ዐሥር ደቂቃ ሲወጡ ደግሞ ማሳ ነው። የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በተለምዶ “ቢጫ ካርድ” የሚባለውን መታወቂያ ካወጣ ያለ ቪዛ መግባትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላል። መምረጥና መመረጥ ግን አልተፈቀደለትም፤ ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ያም ብዙ የሚያጎድል አይመስልም።

የገንዘቡ ስሌት አጭር ነው። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው በዚህ ስሌት 55 በመቶ ያገኛል። የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ዐቅዱ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ የብዙዎቹ አገልግሎት አጭር፣ አበላቸውም ያነሰ ነው። ገጠር ርካሽ ነው የሚለው ግምት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የቤት ኪራይና አትክልት ይረክሳሉ፤ መድኃኒት፣ ትራንስፖርትና ከከተማ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይወደዳል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ወጪ ደግሞ ጉልበት ነው።

የገጠር ቤት የተዘረጋው ለብዙ እጆች ነው። አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ ማገዶ ይለቅማል፣ አንዷ እህል አበጥራ ወፍጮ ቤት ታደርሳለች፣ ሌላዋ ትጋግራለች፣ ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ አያት ደግሞ ደጅ ተቀምጠው ቤቱን ይጠብቃሉ። የአያትየው መቀመጥ ሥራ አይመስልም እንጂ ሥራ ነው፤ ባዶ ቤት ሌባ ይጠራል፣ ባዶ ጓሮም ጦጣ ይጠራል። ብቻውን የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ራሱ መያዝ አይችልም። ከተማ ውስጥ እነዚህ እጆች በሱቅ፣ በቧንቧ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድና በጥበቃ ተተክተዋል፤ ነጠላ ሰው የሚኖረውም ስለዚህ ነው። ገበያ ቀን ካልሆነ በቀር የሚሸጥ እንጀራ በማይገኝበት ቀበሌ ግን እንጀራ የሚጋግርለት ሰው ያላገኘ ጡረተኛ በሳምንቱ ውስጥ ቆሎና ዳቦ ላይ ይወድቃል። በተለይ ምጣድ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ወንድ ይህን አስቀድሞ አይገምተውም።

መፍትሔው ከጎረቤት ጋር የታወቀ ስምምነት መፍጠር ነው፦ ለምትጋግረው ጎረቤት በወር የሚከፈል ገንዘብ ወይም ጤፍ፣ ውኃ ለሚቀዳው ልጅ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ። “ዝም ብለን እንረዳዎታለን” የሚባለው ግብዣ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዋጋው ያልተነገረ እርዳታ ውሎ አድሮ ቅሬታ ይወልዳል። የእርሻ መሬት ያለውም እንዲሁ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ የማይችል ሰው መሬቱን እኩል ወይም ሲሶ ለሚያካፍል አራሽ ይሰጣል፤ ሞፈር መጨበጥ ለሴት ባልተለመደባቸው አካባቢዎች ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። ዘርና ማዳበሪያ ከማን እንደሚወጣ፣ ገለባው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ አውድማ ላይ ጠብ ይነሣል። አረጋዊ ራሱ ሊይዘው የሚችለው ንብ፣ ዶሮ፣ ጌሾ ወይም ጥቂት ፍራፍሬ ነው። ባሕር ዛፍም የሰነፍ ሰብል ነው፤ ተክለው ቢሄዱ እንኳ ያድጋል፣ አጣናውም ይሸጣል፤ ጎረቤት ማሳ ላይ ጥላውና ሥሩ ሲደርስ ግን የክስ ምክንያት ይሆናል።

ጤናን በተመለከተ ስሕተቱ የሚመጣው ቦታን በ60 ዓመት ጉልበት ከመምረጥ ነው፤ የሚኖሩበት ግን እስከ 80 ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ወደ 5 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ ሁለት ሠራተኞች ያሉበት ጤና ኬላ እንዲኖር ተደርጓል። ጤና ኬላ በዋናነት ለክትባት፣ ለእናቶችና ለሕፃናት፣ ለወባና ለአካባቢ ንጽሕና የታሰበ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል፣ የዓይን ሞራ፣ የፕሮስቴት ችግር ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ያስኬዳሉ። በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤቱን ከመኪና መንገድ አርቆ መሥራት የለበትም። የአየሩም ጠባይ ይታሰብ፦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ቆላና ዝቅተኛ ወይና ደጋ በአብዛኛው የወባ አገር ነው፤ ከፍተኛው ደጋ ደግሞ መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይከብዳል። በቤቱ ውስጥ ትልቁ አደጋ ሌሊት ነው፤ ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ፣ መንገዱ ጭቃ ከሆነና መብራት ከሌለ አንድ መንሸራተት ዳሌ ይሰብራል። ሽንት ቤቱን ማቅረብ፣ መንገዱን ድንጋይ ማንጠፍና በፀሐይ የሚሠራ መብራት መስቀል ከማንኛውም የቤት ማሳመሪያ ይቀድማሉ።

በሰዋራ ቦታ የወደቀ ሰው ወደ መኪና መንገድ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛ ደግሞ የሚፈራረቁ ብዙ ወንዶች ትከሻ ይፈልጋል። በብዙ አካባቢ ይህን ተሸካሚ የሚያዘው እድሩ ነው፤ ለዚሁ ብቻ የቆመ የቃሬዛ ማኅበር ያላቸውም አሉ። እድር ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ሐረርጌ ውስጥ አፎሻ ይባላል፤ ሥራው ግን ተቀራራቢ ነው። ብቸኝነትን ፈልጎ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ወር እድር መግባቱ የሚጋጭ ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ብቻውን እንዲኖር የሚያስችለው ይኸው ነው። እድሩ ገንዘብ ብቻ አይበቃውም። ለቅሶ መድረስ፣ ድንኳን ሲተከል መገኘት፣ መቃብር ሲቆፈር መቆም ይጠበቃል፤ በዕድሜ ምክንያት የማይችል ሰው ይህን ለእድሩ ዳኛ ተናግሮ በሌላ ነገር፣ ለምሳሌ መዝገብ በመያዝ፣ ይተካዋል። ጡረታ የወጣ መምህር ወይም የሒሳብ ሠራተኛ በእድር ጸሐፊነት ቶሎ ይፈለጋል። ከዚያ በፊት ግን ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አምጥቶ በአዲሱ ቀበሌ መመዝገብ አለበት፤ መሸኛ የሌለው እንግዳ መጠርጠሩ አይቀርም።

ዝምታ የሚወድ ሰው የሚቸገረው በቡና ነው። ቡና ተጠርቶ አለመሄድ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ መሄድ ማለት ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፣ ከጠዋቱ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የገጠር ሰው ብቸኝነትን የሚጠላው ምክንያቱን ሲያጣ ነው። መነኩሲቷን፣ በዱዓ የሚውለውን ሼኽ፣ ቀፎው አጠገብ የሚውለውን ንብ አናቢ ማንም አይነካቸውም፤ ለምን ብቻቸውን እንደሆኑ ይታወቃልና። ምክንያቱ ያልታወቀውን ሰው ግን “ምን አድርጎ ይሆን ከከተማ የሸሸ?” እየተባለ ይወራበታል። ስለዚህ ለጸጥታው የሚታይ ሥራ የሰጠ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቡና የሚጠጣ፣ በዓል ሲሆን ደጁን የሚከፍት ሰው ሌላውን ቀን ለራሱ ያደርጋል። ደጁን ዓመቱን ሙሉ የዘጋ ግን ሰላምም አያገኝም፤ ልጆች እንኳ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩታል።

ኑሮውን የሚፈትነው ክረምት ነው። በጥቅምት፣ ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሲሆን ገጠርን አይቶ የከተማ ቤቱን የሸጠ ሰው ሐምሌን አያውቀውም፦ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ይቆረጣል፣ ማገዶ ይረጥባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጎረቤቱም ሁሉ እርሻ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ክረምት ተከራይቶ መኖርና የከተማውን ቤት እስከዚያ አከራይቶ ማቆየት ያዋጣል። አበልን ለመቀበል በየወሩ ከተማ መመላለስ ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ባንኮች በየወረዳው ቅርንጫፍ ከፍተዋል፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ይደርሳል። የምስጢር ቁጥሩን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ “ክፈልልኝ” ማለት ግን የብዙ አዛውንትን ገንዘብ አስበልቷል።

የሚቀረው ኑዛዜ ነው። ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ አብሮት የማይኖር ሰው ሲሞት ቤቱ፣ ዕቃውና የባንክ ገንዘቡ ለማን እንደሚሆን በሩቅ ያሉ ዘመዶችና ሲያስታምሙ የኖሩ ጎረቤቶች ይከራከሩበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት የጽሑፍ መንገዶችን አበጅቷል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ሲሆን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ የሚጽፈው ሲሆን ኑዛዜ መሆኑ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት። ቀኑን ጽፎ መፈረምም ያስፈልጋል። ለምትጋግርለት ጎረቤት ቤቱን እንደሚሰጣት በቃል ብቻ የተናገረ ሰው ለእሷ ያወረሳት ክርክር ነው፤ የገጠር መሬት ይዞታ ያለው ደግሞ በኑዛዜ እንኳ ለፈለገው ሰው ሁሉ ማስተላለፍ ስለማይችል ማን ሊወርስ እንደሚችል በክልሉ የመሬት ሕግ አረጋግጦ ነው የሚጽፈው።