ያውቁ ኖሯል? «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ሕግ አይደለም

ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከብቸና እስከ ደብረ ማርቆስ፣ በሱቅ ግድግዳም በደረሰኝ ግርጌም አንድ ጽሑፍ አይጠፋም፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። እኔም ለብዙ ዓመት ሕግ ይመስለኝ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዙት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዙ በ15 ቀን ውስጥ መልሰው «ለውጥልኝ» ወይም «ገንዘቤን መልስልኝ» የማለት መብት አለዎት። ጉድለቱ ጉዳት ካደረሰብዎትም ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም።

ይኸው 15 ቀን ለአገልግሎትም ይሠራል። ራዲዮ ጠጋኙ፣ ልብስ ሰፊው፣ ብረት በያጁ ሥራውን አጉድሎ ከሰጠዎት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግሞ እንዲሠራልዎት ወይም የከፈሉትን እንዲመልስ ይጠይቁታል። ሻጩ የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ ደግሞ የሚሻልዎት ዋስትናው ነው፤ 15 ቀኑ እሱን አያሳጥረውም።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። ቤት ሲገባ ቀለሙ አላማረኝም፣ ጎረቤት በርካሽ ገዛ፣ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ጉድለት አይባልም። በዚህ ጊዜ መመለሱ የባለሱቁ ደግነት ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቼ በአራተኛው ቀን መጋል ተወ። ባለሱቁ የማውቀው ሰው ስለነበር «ምን ይለኛል» እያልኩ ሰነበትኩ። በሃያኛው ቀን ደረሰኝ ሳልይዝ ሄድኩ፤ ዕቃውንም ገንዘቡንም አጣሁ። በእኛ አገር ከአጭበርባሪ ይልቅ ይሉኝታ ብዙ ሰው ያከስራል ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዕቃ ስላገላበጡ ወይም ዋጋ ስለተከራከሩ ብቻ የመግዛት ግዴታ የለብዎትም። «ካልገዛህ ለምን ነካኸው» ለሚል ነጋዴ መልሱ በዚሁ አዋጅ ተጽፏል። ነጋዴው ሸማቹን በትሕትና የማስተናገድ ግዴታም አለበት፤ ከስድብና ከዛቻ መጠበቅ የሸማች መብት ነው። ዋጋን በግልጽ መለጠፍ፣ ለሸጡትም ወዲያው ደረሰኝ መስጠት እንዲሁ በሕግ የታዘዘ ነው። ደረሰኝ መጠየቅ ነጋዴውን መጠርጠር አይደለም። ያለ ደረሰኝ 15 ቀኑ ከየት እንደሚቆጠር በምን ያስረዳሉ?

«ሸማች» ማን ነው? ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው ነው። መልሶ ለመሸጥ ከጅምላ አከፋፋይ የሚረከብ ባለሱቅ በዚህ አዋጅ ሸማች አይባልም። የእሱ ክርክር በፍትሐ ብሔር ሕጉና በንግድ ሕጉ ይታያል።

ገበያ ወጥተው ከገበሬ በሬ ሲገዙም መሄጃዎ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ክፍል ነው። ሕጉ ገዢው ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ካስታወቀ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ዓመቱ ካለፈ መብቱ ይቀራል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን «እንዳለ ነው የሸጥኩልህ» የሚለው ቃል አያድነውም። ስለዚህ በሬው ጠምደው ሲያዩት አልሄድ ካለ፣ የክረምቱ እርሻ እስኪያልቅ አይጠብቁ። በማግስቱ ምስክር ይዘው ለሻጩ ይንገሩ።

አሁን ወደ ቀብድ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ቀብድ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን መመለስ እንዳለበት የሚያውቀው ጥቂት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ነው። ጥር ላይ ልጅዎን ሊድሩ ለድንኳንና ለወንበር 5,000 ብር ቀብድ ከፈሉ እንበል። ሠርጉ ሲቃረብ አከራዩ የተሻለ ከፋይ አግኝቶ «ገንዘብህን ውሰድ» ቢልዎት፣ በውላችሁ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሚመልስልዎት 10,000 ብር ነው። አብዛኛው ሰው ግን 5,000ውን ተቀብሎ፣ እሱም ስለተመለሰለት አመስግኖ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቃል ዋጋ አለው። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ተቀባዩ «የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ ነው» ብሎ ሊከራከርዎት ይችላል። አንዲት ቃል መጻፍ ነው፤ ይጻፏት።

ያውቁ ኖሯል? ከ500 ብር በላይ ያበደሩትን ገንዘብ በምስክር ማስረዳት አይችሉም። አንቀጽ 2472 እንደሚለው ማስረጃው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ከሌለ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመኑ ወይም መሐላ ብቻ ይቀራል። ሕጉ በ1952 ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የበዓል ዶሮ መግዛቱም ያጠራጥራል። ቁጥሩ ግን አልተነሣም። አሥር ሽማግሌ ተሰብስቦ «ሲቆጥርለት አይተናል» ቢል የ50,000 ብር ብድር በዚያ ብቻ አይረጋም። በእኛ ባህል ወንድም ወንድሙን «ፈርምልኝ» ማለት ነውር ይመስላል። ለእኔ ነውሩ ሳይጻፍ ቀርቶ ሁለት ወንድማማች ለዓመታት ሳይነጋገሩ መኖራቸው ነው። ብድሩን ሲከፍሉም ወረቀት ይቀበሉ፤ በእጅ የመለሱትን ገንዘብ ነገ «አልተቀበልኩም» የሚል አይጠፋም።

በቴሌብር ወይም በባንክ የላኩ ሰዎች «ማስረጃ አለኝ» ይላሉ። እውነት ነው፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መረጃው በኤሌክትሮኒክ መልክ መሆኑ ብቻውን ዋጋ እንደማያሳጣው ደንግጓል። ገንዘቡ መተላለፉን ግን ያሳያል እንጂ ብድር መሆኑን በራሱ አያሳይም። ተቀባዩ «ዕዳውን ከፍሎኝ ነው» ሊል ይችላል። ስትልኩ በምክንያት ቦታው «ብድር» ብላችሁ ጻፉ፤ ተበዳሪውም «ብድሩ ደርሶኛል» ብሎ ይመልስላችሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ባለዕዳና አበዳሪ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ፍርድ እስኪገኝ አብረው ይውሉ ነበር። ሥርዓቱ ቁራኛ ይባላል። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል እስከ ዛሬ የምናነሣው እሱን ነው።

ወለድስ? በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። መጠኑ በጽሑፍ ካልተወሰነ ደግሞ 9 በመቶ ነው። ጭራሽ ወለድ እንዲከፈል ካልተስማሙ ተበዳሪው ወለድ የለበትም። «በወር አሥር» የሚባለውን አራጣ ብናሰላው በዓመት 120 በመቶ ይሆናል፤ የሕጉ ጣሪያ አሥር እጥፍ ነው። የተቸገረን ሰው ጭንቀት ተጠቅሞ በአራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። ማዳበሪያ ለመግዛት ሰኔ ላይ በአራጣ የተበደረ ገበሬ፣ ጥር ላይ ጤፉን ከአውድማ በአበዳሪው ጆንያ ሲያስጭን ማየት ያማል።

ያውቁ ኖሯል? ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በውል ላይ የጣት አሻራውን ቢያኖር፣ አሻራው በሥራቸው ላይ ባሉ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ነው። ይህን ድንጋጌ እኔ በየገጠር ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ባየው እወድ ነበር። እናቶቻችን «እዚህ ጋ ንኪ» ተብለው ምን እንደነኩ ሳያውቁ ንብረት የሚያጡበትን ክርክር የሚቆርጥ እሱ ነውና።

ዋስ ሊሆኑ ነው? የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብም በቁጥር ካልተገለጸ ውሉ ዋጋ የለውም። «ለሚመጣው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ቃል አያስጠይቅም። በአንድነትና በነጠላ ዋስ ሆነው ከፈረሙ ግን አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት ያቺን ሐረግ ፈልገው ያንብቡ።

ቼክ ደግሞ ከሁሉ ያስፈራኛል። ብዙ ነጋዴ «ለመተማመኛ ብቻ» ብሎ የወደፊት ቀን ጽፎ ቼክ ይሰጣል። በንግድ ሕጉ ቼክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የተጻፈው ቀን ሳይደርስ ባንክ ቢቀርብም እንኳ። በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቁ ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። የዕዳ ክርክር በገንዘብ ያልቃል፤ ይኼኛው ግን ወህኒ ይከታል።

በአጭሩ ጥቂት ልጨምር። በርበሬን ከሸክላ አፈር፣ ቅቤን ከባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥ፣ በተጭበረበረ ሚዛን ወይም መስፈሪያ መመዘንም ወንጀል ነው። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ግን ሱቁ ሲከስር ዕዳው መኖሪያ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ከብትና ሰብል ሳይቀር ለብድር መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ። መጋቢት 6 በመላው ዓለም የሸማቾች መብት ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በ1954 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስለ ሸማቾች መብት ለምክር ቤቱ መልእክት የላኩበት ዕለት ነው።

ክርክር ሲነሣ ወዴት? መጀመሪያ ባለሱቁ ጋ፤ ደረሰኙን ይዞ፣ በሰላም። እምቢ ካለ የወረዳው ወይም የከተማው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይቀበላል። ሽምግልናም አለ፤ እንደ ቀላል አይታይ። ተከራካሪዎች ተስማምተው የፈረሙት የእርቅ ውል በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 ይናገራል። ሽማግሌዎች ሆይ፣ እርቁን በቃል አትተዉት፤ አስጽፋችሁ አስፈርሙ።

ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ሲሆን፣ የዳኝነት ክፍያ የሌለው ሰው አቅም እንደሌለው አስረድቶ በድሀ ደንብ ክስ ማቅረብ ይችላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አቤቱታ ማጻፊያ አጣሁ ብለው መብትዎን አይተዉ። በዚህ ሳምንት ጉድለት ያለበት ዕቃ ገዝተው ከሆነም፣ ደረሰኙን ያውጡና ቀኑን ይቁጠሩ፤ 15ኛው ቀን ሳያልፍ ሱቁ ይድረሱ።