ነጠላና ጋቢ በእጅ ሲታጠቡ፦ ከእንዶድ እስከ ኮንዶሚኒየም ገመድ

ቅዳሜ ቀን ከቦሌ አየር ማረፊያ ወጥታችሁ በገርጂ፣ በጎሮ ወይም በሰሚት በኩል ወደ ዘመድ ቤት ብትሄዱ በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ልብስ ተሰጥቶ ታያላችሁ። አንሶላው፣ የተማሪ ዩኒፎርሙ፣ ጋቢው ሁሉ ጸሐይ ላይ ነው። ውጭ አገር ያደገ ሰው የማጠቢያ ማሽን እጥረት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ማሽን ባለበት ቤትም ቢሆን ነጠላና ጋቢ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ነው የሚታጠቡት። ምክንያቱን እናቶቻችሁና አክስቶቻችሁ ጠንቅቀው ያውቁታል። ልብሱ በሻንጣ ተጭኖ ባሕር ተሻግሯል፤ አያያዙም አብሮት ሊሻገር ይገባል።

ከሳሙና በፊት እንዶድ

የፋብሪካ ሳሙና ገበያውን ከመሙላቱ በፊት የደጋና የወይና ደጋ ሰው ልብሱን የሚያነጻው በእንዶድ ነበር። እንዶድ በየአጥሩና በየጫካው ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል በፍሬው ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ነው። ሴቶች ልብሱን ተሸክመው ወንዝ ይወርዳሉ፣ በእንዶድ አሽተው ድንጋይ ላይ ይወቅጡታል፣ ከዚያም ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ያሰጡታል። ነጭ ሸማን ለማንጻት ዛሬም እንዶድን የሚመርጡ እናቶች አሉ።

ዓለም ስለ እንዶድ የሰማው ከእነዚህ ሴቶች ሥራ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቢልሃርዚያ ወደ ሰው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ስለሆነ፣ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል ሊረዳ እንደሚችል ተገነዘቡ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ተመራመሩበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። የዚህ ሁሉ መነሻ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው ባይመዘገብም ድርሻቸው ሊነገር ይገባል።

በሳፋ ውስጥ ያለው ሥርዓት

ዛሬ የወንዙንና የእንዶዱን ቦታ ሳፋ፣ ባልዲና የልብስ ሳሙና ይዘውታል፤ በየግቢው ጓሮም የሲሚንቶ ማጠቢያ ገንዳ አለ። ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም። ነጩ ለብቻ፣ ቀለም የሚለቀው ለብቻ ይለያል። ልብሱ በዱቄት ሳሙና ይዘፈዘፋል፤ ቆሻሻው ሲለቅ ኮሌታና የእጅጌ ጫፍ በደረቅ ሳሙና ይታሻል። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ነጭ የታጠበበት አረፋ አይደፋም፤ ባለቀለሙ ይታጠብበታል፣ ቀጥሎ ካልሲና የሥራ ልብስ ይገባበታል፣ በመጨረሻም በረንዳና ደረጃ ይወለወልበታል።

ነጠላ ስስ ነውና ጠንከር ያለ እጅ አይወድም። በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ተብሎ ይታሻል፣ በረኪና አይነካውም፣ የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ እንዳይሄድ ለረጅም ጊዜ አይዘፈዘፍም። ጋቢ ደግሞ ድርብርብ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ተከቶ በእግር ይረገጣል፤ ሲጨመቅም ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመዝዘዋል።

ዘመድ ቤት ስታርፉ አንድ ነገር አስታውሱ፦ የውስጥ ልብስን እያንዳንዱ ሰው ራሱ ያጥባል። ለሠራተኛም ለአክስትም አይሰጥም፤ ሲሰጣም ሰው በማያይበት ጥግ ወይም ከሌላ ልብስ ሥር ነው። ልጆች ይህን ከትንሽነታቸው ይማራሉ።

ውሃ በፈረቃ፣ ጸሐይ በብዛት

አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከጉድጓዶች ነው፤ ለሁሉም ስለማይዳረስ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ይለቀቃል። ውሃ በሌሊት የሚመጣበት ቤት ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካንና በርሜል ይሞላል። ማሽን የቧንቧ ግፊትና መብራት ይፈልጋል፤ ሳፋ ግን በተቀዳ ውሃ ሥራውን ይጨርሳል። ለዚህ ነው ማሽን የገዛ ቤተሰብም ሳፋውን የማይጥለው።

ጸሐዩ በበኩሉ ያግዛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ ጸሐዩ ብርቱ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ጠዋት የተሰጣ ልብስ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ያው ጸሐይ ቀለም ስለሚያነጣ ባለቀለም ልብስ ተገልብጦ ይሰጣል፤ ጥለት ያለው ደግሞ ጥላ ይመረጥለታል። በክረምት ነገሩ ይለወጣል፦ ልብስ በረንዳና ኮሪደር ላይ ቀናት ይቆያል፣ እርጥበቱ ያልለቀቀው በካውያ ይጨረሳል። ከሰል በተዘጋ ክፍል አንድዶ ማድረቅ ግን የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላልና ፈጽሞ አይደረግም።

ገመዱና ጎረቤቱ

የከተማው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በሙከራ የተጀመረው እዚሁ ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ገርጂ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በተሠሩት ሰፈሮች የመኖሪያ ፎቆች መካከል የጋራ መገልገያ ቤቶች ተሠሩ፤ የታሰቡትም እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድና ልብስ ለማጠብ ነበር። አፓርታማው ጠባብ ቢሆንም የግቢ ኑሮ እንዳይቋረጥ ነው። በጋራ ገመድ ላይ ሥነ ሥርዓት አለ፦ የሰው ልብስ ሳይደርቅ አይነሣም፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ቀድሞ ያየ ጎረቤት የሌላውንም ሰብስቦ ያስገባል። በኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ዘንድ እሑድና የበዓል ቀን ልብስ አይታጠብም፤ ቅዳሜ ገመዱ የሚሞላበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ከጥምቀት፣ ከፋሲካና ከዒድ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ ሥራው ይበዛል።

ይህን ሁሉ ሥራ በብዛት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከቤት ቤት እየዞሩ በቀን ክፍያ የሚያጥቡ ናቸው። ሥራው ወገብና እጅ ይጎዳል። ባረፋችሁበት ቤት የምታጥብ እህት ካለች ተገቢውን ክፍያ ማግኘቷን ጠይቁ፤ ጋቢ ሲጨመቅም አንዱን ጫፍ ያዙ።

ወደምትኖሩበት አገር ስትመለሱ ከአያታችሁ የተሰጣችሁን ነጠላ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፤ ማድረቂያው ያኮማትረዋል። ገንዳ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ መጀመሪያ ግን እናታችሁን ወይም አክስታችሁን አጠገባችሁ አቁሙና እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። እነሱም ከእናቶቻቸው የተማሩት እንደዚሁ አጠገባቸው ቆመው ነው።