በጎብዬና በራያ ቆላ ለግቢ የሚስማማ አጭር ሣር ስለ መምረጥ

የግቢ ሣር ለዓይን ጌጥ ብቻ አይደለም። አፈርን ይይዛል፤ አቧራን ያስቀራል፤ የጎርፍን ኃይል ያበርዳል፤ ታጭዶም ለላም ይሆናል። ነገር ግን ሣር ሁሉ ለሀገር ሁሉ አይስማማም። ስለዚህ በጎብዬ፥ በሮቢትና በቆቦ ላሉ ሹማምንትና ባለ ግቢዎች፥ የትኛው ሣር እንደሚሻልና እንዴት እንደሚተከል ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሀገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ዋናው ዝናም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ የበልጉ ዝናም ግን አንድ ዓመት ይመጣል፥ አንድ ዓመት ይቀራል። እንግዲህ ለዚህ ሀገር የሚመረጠው ሣር፥ በክረምት ያማረው ሳይሆን እስከ ሰኔ ድረስ ሥሩ በሕይወት የሚቆየው ነው።

ብዙ ሰዎች በደጋ ከተሞች አይተው የሚመኙት ኪኩዩ የሚባለውን ሣር ነው። ይህ ሣር ስሙን ያገኘው በኬንያ ከሚኖረው ከኪኩዩ ሕዝብ ሲሆን፥ የተፈጥሮ ስፍራው ከፍ ያለው የምሥራቅ አፍሪቃ ደጋ ነው። በደጋ ወፍራምና ለምለም ምንጣፍ ይሆናል፤ በቆላ ግን ያለ ብዙ ውኃ ልምላሜው አይጸናም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ላይ የደረሰውን የድርቅ መከራ የሚያስብ ሰው፥ የመጠጥ ውኃ ለጌጥ ሣር ሲፈስ ማየት አይወድም።

ለራያ ቆላ የሚሻለው በየመንገዱ ዳር የሚረገጠው ሠርዶ ነው። በተራነቱ ይናቃል እንጂ፥ በአሜሪካና በሌሎችም ሙቅ አገሮች ለቤት ደጅና ለኳስ ሜዳ ተመርጦ የሚተከለው ይኸው ሣር ነው፤ በዚያ የቤርሙዳ ሣር ይሉታል። በመሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ከመሬት በታችም ሌላ ሐረግ ይዘረጋል። ዝናም ሲቀር ቅጠሉ ይደርቃል፥ ሥሩ ግን ይቆያል፤ ዝናም ሲመለስ እንደ ገና ይለመልማል። ስለዚህ በበጋ የደረቀውን ሠርዶ ሞቷል ብሎ መንቀል አይገባም። የማይወደው ጥላን ነው፤ በዛፍ ሥር ይሳሳልና በዚያ ጠጠር ማንጠፍ ይሻላል። በደጃፍ አጠገብ ጠጅ ሣር፥ ውኃ በሚንጠባጠብበት ስፍራ ቄጤማ ቢተከል ይስማማል። ነገር ግን የወባ ትንኝ እንዳይራባ፥ ውኃ ተኝቶ እንዲቆይ መተው አይገባም።

አተካከሉም እንዲህ ነው። መሬቱ በሰኔ መጨረሻ ይቆፈራል፤ ድንጋዩ ይለቀማል፤ ከቤቱ ወደ ውጭ በጥቂቱ እንዲያዘቀዝቅ ሆኖ ይስተካከላል። በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ይጨመርበታል፤ ያልበሰበሰ ፍግ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። ዝናሙ መሬቱን ካራሰ በኋላ፥ ሦስት አንጓ ያለው የሠርዶ ቁራጭ በየስንዝሩ ይተከላል፤ ሁለቱ አንጓ ከአፈር በታች፥ አንዱ ከላይ ይሁን። ከዚያ በእግር ይጠቀጠቃል። ሲያድግም አራት ጣት ያህል ቁመት እየተተወ በማጭድ ይታጨዳል።

አሁን ዋናውን ማስጠንቀቂያ እንናገራለን። ለግቢ መልካም የሆነው ሠርዶ ለእርሻ ክፉ ጠላት ነው። ማረሻ የቆረጠው እያንዳንዱ አንጓ እንደ ገና ይበቅላልና፥ ወደ ጤፍና ወደ ማሽላ ማሳ ከገባ ገበሬውን ለብዙ ዓመት ያደክመዋል። ስለዚህ አንደኛ፥ በማሳ ዳር ፈጽሞ አይተከል። ሁለተኛ፥ በሣሩና በጓሮው አትክልት መካከል አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር፤ ወይም ቬቲቨር የሚባለው ሣር በጠባቡ ተደርድሮ ይተከል። ይህ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ይወርዳል እንጂ እንደ ሠርዶ ወደ ጎን አይሳብም። ሦስተኛ፥ የተነቀለው ሐረግ በድንጋይ ላይ በፀሐይ ደርቆ ይቃጠል እንጂ ወደ ፍግ ክምር ወይም ወደ መስኖ ቦይ አይጣል።

መሬቱን ራቁቱን መተውም መድኃኒት አይሆንም። በቆቦ ሜዳ የተስፋፋው ፓርቲኒየም የተባለው መጤ አረም ባዶ መሬት ይወዳል፤ የሰውን ቆዳ ያሳክካል፥ ግጦሽንም ያጠፋል። በደንብ የያዘ ሠርዶ ግን ለዚህ አረም ስፍራ አይሰጠውም።

ሹም በግቢው ያደረገውን ሕዝቡ በደጁ ያደርገዋል። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት በመሥሪያ ቤታቸው ግቢ የሀገሩን ሣር በድንበሩ ወስነው ቢተክሉ፥ ያለ ብዙ ወጪና ያለ ውኃ ብክነት ለሕዝቡ ምሳሌ ይሆናሉ፤ የግቢውም ጌጥ ለጎረቤት ገበሬ ዕዳ አይሆንበትም።