በልክ የተሰፋ ፍለጋ

አንድ ሰው ስልኩ ላይ «ዳሽን» ብሎ ጻፈ እንበል። ተራራውን ነው፣ ባንኩን ነው ወይስ ቢራውን? ከሦስቱ ፊደላት ሌላ የያዘው ነገር ከሌለ መፈለጊያው ይገምታል እንጂ አያውቅም። ሰውዬው ትንሽ ቀደም ብሎ የዶላር ምንዛሪ ሲያይ ከነበረ ግን ግምቱ ወደ ባንኩ ያጋድላል። የፍለጋ ውጤትን በየሰው ልክ መስፋት ከዚህች ጥያቄ ይነሳል።

ልኩ የሚወሰደው ከዱካ ነው፦ ምን ተጻፈ፣ የትኛው ሊንክ ተነካ፣ ገጹ ላይ ምን ያህል ተቆየ። በተለምዶ 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ የተቆየበት ገጽ «ተወዷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ወዲያው የተወጣበት እንዳልረባ ይቆጠራል። ሚዛኑ ግን ያጭበረብራል። ሰው ላይኛውን ውጤት የሚነካው ስለሚሻል ብቻ ሳይሆን ላይ ስለተቀመጠም ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶርስተን ዮአኪምስ በ2002 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያመጣው መላ ቀላል ነው። ሁለቱን ዘሎ ሦስተኛውን የነካ ሰው፣ ሦስተኛው ጥሩ መሆኑን አልመሰከረም፤ ከዘለላቸው ከሁለቱ እንደሚሻል ግን ተናግሯል።

በዚያው ዓመት ስታንፎርድ ላይ ታሄር ሀቬሊዋላ ፔጅራንክ የተባለውን የገጾች ክብደት መለኪያ በ16 የርዕስ ዘርፎች ለየብቻ የሚያሰላ ዘዴ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት እሱና ባልደረቦቹ ያቋቋሙትን ካልቲክስ የተባለ ኩባንያ ጉግል ገዛው። በዲሴምበር 2009 ደግሞ ጉግል አካውንታቸውን ሳይከፍቱ ለሚፈልጉ ሰዎች ጭምር፣ እስከ 180 ቀን የሚዘልቅ የፍለጋ ታሪክ ይዞ ውጤት ማስተካከል ጀመረ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ በ2007 የወጣ ጥናት ነው። ዥቼንግ ዱና ባልደረቦቹ ኤምኤስኤን የተባለውን መፈለጊያ የ12 ቀን መዝገብ ይዘው ውጤትን በየሰው ልክ የሚሰፉ የተለያዩ ዘዴዎችን አወዳደሩ። ሰዎች የሚነኩት ገጽ በሚለያይባቸው ቃላት ላይ ጥቅሙ ጎልቶ ታየ፤ ሁሉም አንዱን ገጽ በሚነካባቸው ላይ ግን እምብዛም አልጨመረም፣ አንዳንዴም አበላሸ። ባንኩን በሙሉ ስሙ ለጠየቀ ሰው የትናንት ታሪኩ ምን ያደርግለታል?

ሌላም ጣጣ አለ። በኛ አገር አንዱ ስልክ የአባትም የልጅም የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። ማታ ልጁ ለጂኦግራፊ የቤት ሥራው «ዳሽን» ሲል፣ አባቱ ቀን የተወው ዱካ የባንክ ቅርንጫፍ ይዞለት ሊመጣ ይችላል።

ዱካው ባለቤቱንም ያሳብቃል። በ2006 የኢንተርኔት ኩባንያው ኤኦኤል ወደ 650,000 የሚጠጉ ተጠቃሚዎቹ የጠየቁትን፣ ስማቸውን በቁጥር ተክቶ፣ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ ለቀቀው። ጋዜጠኞች ከጥያቄዎቹ ተነስተው ከመካከላቸው አንዷ ማን እንደሆነች ደረሱባት። ከዚያ በፊት፣ በ2005፣ ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። ጄሚ ቲቫን፣ ሱዛን ዱሜስና ኤሪክ ሆርቪትዝ ያቀረቡት ዘዴ ሰውየው የጎበኛቸውን ገጾች፣ ኢሜይሎቹንና ሰነዶቹን የሚያገላብጠው እዚያው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። መፈለጊያው ለማንም የሚልከውን ዝርዝር ይልካል፤ ቅደም ተከተሉ የሚቀየረው ቤት ከገባ በኋላ ነው።