በቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ የተበላሸ የኤሌክትሪክ የበር ቁልፍ፦ መንስኤውን ለይቶ ማስጠገን

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞና ከለቡ ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚወስዱ መንገዶች ላይ ከሚመላለሱት አነስተኛ አውቶሞቢሎች መካከል ከተመረቱ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቆጠሩት ጥቂት አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተወስኗል። በዚህም ምክንያት በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በአግባቡ ጠብቆ መገልገል ለባለንብረቶች ከምንጊዜውም በላይ አስፈላጊ ሆኗል።

በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሙ ብልሽቶች አንዱ በተለምዶ ሴንትራል ሎክ የሚባለው የኤሌክትሪክ የበር ቁልፍ መሥራት ማቆሙ ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ጉዳዩን ቀላል አድርገው በመመልከት ለወራት ያቆዩታል። ሆኖም የማይቆለፍ በር ንብረትን ለስርቆት ያጋልጣል። ከውስጥ የማይከፈት በር ደግሞ ግጭት ወይም እሳት በሚነሳበት ጊዜ ተሳፋሪውን መውጫ ያሳጣዋል። ከውጭ ብቻ የሚከፈት በር ይዞ ሰው ማጓጓዝ ከደኅንነት አንጻር ተገቢ አይደለም።

ቁልፉ የሚሠራበት መንገድ

አሽከርካሪው ቁልፉን ሲጫን ከባትሪው የሚነሳው ኃይል በፊውዝና በመቆጣጠሪያው በኩል አልፎ በየበሩ ውስጥ ወደሚገኘው ትንሽ ሞተር ይደርሳል። ሞተሩ ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ሲመጣለት ይቆልፋል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ይከፍታል። የሞተሩ እንቅስቃሴ በቀጭን ዘንግ አማካይነት በሩን ወደያዘው መንጠቆ ይተላለፋል። ስለዚህ ብልሽቱ ኃይል ባለመድረሱ፣ በሞተሩ መድከም ወይም በመንጠቆው መድረቅ ሊከሰት ይችላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ሞተር መግዛት ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል።

ያለ መፍቻ የሚደረግ ምርመራ

በመጀመሪያ ችግሩ በሁሉም በሮች ላይ መሆኑ ወይም በአንዱ ላይ ብቻ መሆኑ ይጣራል። ሁሉም በሮች በአንድ ጊዜ መሥራት ካቆሙ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የጋራ በሆነው ክፍል፣ ማለትም በፊውዝ፣ በመቆጣጠሪያው ወይም በአሽከርካሪው በር ላይ ባለው ማብሪያ ይገኛል። የማይሠራው በሪሞት ብቻ ከሆነ አስቀድሞ የሪሞቱን ባትሪ መቀየር ይበቃ እንደሆነ ይታያል። አንድ በር ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ በዚያው በር ውስጥ ወይም ወደ በሩ በሚገባው ሽቦ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ቁልፉ እየተጫነ በሩ ይደመጣል። ድምፅ እየተሰማ በሩ ካልቆለፈ ኃይል ደርሷል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚጠረጠረው የወለቀ ዘንግ፣ የተበላ የሞተር ጥርስ ወይም የደረቀ መንጠቆ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙ፣ ሽቦው ወይም ራሱ ሞተሩ ይመረመራል።

የኋላ በር ከውጭ እየተከፈተ ከውስጥ እምቢ ካለ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በሩ ሲከፈት በጠርዙ ላይ የምትታየው ትንሽ የሕፃናት መጠበቂያ ማንሻ ሳይታወቅ ተነክታ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ፊውዝና ሽቦ

የተቃጠለ ፊውዝ መተካት ያለበት በተመሳሳይ አምፔር ነው። በተለመዱት ጠፍጣፋ ፊውዞች ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔርን ያመለክታል። በፊውዝ ምትክ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ማስገባት ገመዱን አግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ በመስመሩ ላይ ሾርት መኖሩን ያመለክታልና ሌላ ፊውዝ ከመጨመር ይልቅ መስመሩን ማስመርመር ይገባል።

በቆዩ መኪናዎች ላይ ሽቦ በብዛት የሚበጠሰው በበሩና በመኪናው አካል መካከል ባለው የላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ስለሚታጠፍ ከዓመታት በኋላ ይቆረጣል። በሩ በከፊል ሲከፈት ብቻ የሚሠራ ቁልፍ፣ ወይም አብሮ የሚቆራረጥ የመስኮት ሞተርና ድምፅ ማጉያ የዚህ ምልክት ነው። የተቆረጠው ሽቦ መገናኘት ያለበት በብየዳና በአግባቡ በተሸፈነ መጋጠሚያ ነው፤ ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ መጠቅለል አይዘልቅም።

በሩ ተዘግቶ እምቢ ሲል

በሩን በኃይል መጎተት እጀታውን ይሰብራል። ይልቁንም አንድ ሰው በሩን ከውጭ ወደ ውስጥ ጫን አድርጎ ሲይዝ ሌላው ቁልፉን ይጫናል ወይም የውስጡን እጀታ ይስባል። ይህ በመንጠቆው ላይ ያለውን ጫና ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ በሩ ይለቃል። በዚህ ካልተከፈተ፣ በተዘጋ በር ላይ የውስጥ ሽፋኑን ማውለቅ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ ለባለሙያ መተው ይመረጣል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ መንጠቆው ተጠርጎ ቀጭን ግራሶ ይቀባል። የሞተር ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ አይመከርም። በክረምት ወራት በበሩ ታች ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ እንዳይደፈኑ ማየትም ይገባል፤ በበሩ ውስጥ የሚጠራቀም ውኃ ሞተሩንና ቆርቆሮውን ይጎዳል።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱ

ባለሙያው የበሩን ሽፋን ከመፍታቱ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ማላቀቁን፣ ሞተሩ ከመቀየሩ በፊት ደግሞ ኃይል መድረሱ በቴስተር መረጋገጡን ባለንብረቱ ይከታተል። መለዋወጫ የሚገዛው ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ፣ የግራና የቀኝ፣ የፊትና የኋላ ሞተሮች ስለሚለያዩ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ከመክፈል በፊት በባትሪ ማስሞከር፣ ደረሰኝም መቀበል ያስፈልጋል። ሥራው ሲያበቃ ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ፕላስቲክ በቦታው መለጠፉ ይታይ፤ ካልተመለሰ የዝናብ ውኃ ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል። ርክክብ የሚደረገው እያንዳንዱ በር ከውስጥም ከውጭም በቁልፍና በእጅ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው።

ሰው ውስጥ ከተቆለፈበት

በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በፍጥነት ይሞቃል። ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሰው ተቆልፎበት መክፈት ካልተቻለ በአዲስ አበባ ወደ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን 939 ወይም ወደ ፖሊስ 991 መደወል ይገባል። የተቆለፈበት ሰው የመዳከም ምልክት ካሳየ ከእሱ ርቆ የሚገኘውን የጎን መስታወት ሰብሮ ማውጣት ተገቢ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። የበር ቁልፍ ብልሽት ግን እስከ ምርመራው ቀን የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። አራቱንም በሮች በወር አንድ ጊዜ ከውስጥ ከፍቶ መሞከር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።