የቴሌግራም ጉባኤዎቻችንን በሥርዓት እንያዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጉንደ ወይን፣ ከቢቸናና ከሞጣ እስከ ባሕር ማዶ ያለን ምእመናን ዛሬ ትምህርተ ወንጌልን በቴሌግራም እንከታተላለን። ነገር ግን ያለ ምርጫ የገባንበት ቻናልና ግሩፕ ሲበዛ ስብከቱም የጉባኤው ማስታወቂያም በወሬ መካከል ይቀበራል። በቤተ ክርስቲያን ስም የተከፈተውም ሁሉ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሁሉን ፈትነን መልካሙን እንድንይዝ ያስተማረን (1ኛ ተሰ. 5፥21) ለዚህም ይሆነናል።

ስለዚህ ባለቤቱን ከማናውቀው፣ ይልቁንም በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ ከሚለምነው፣ ሰበካ ጉባኤያችንን ጠይቀን እውነተኛነቱን ካላረጋገጥን በቀር እንውጣ። ቀጥሎም የአጥቢያችንን፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችንንና የሀገረ ስብከታችንን ቻናሎች በአንድ ፎልደር እናድርግ፤ የሌሎቹን ድምፅ እንዝጋ። ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ከማስተካከያው ብናጠፋው የዳታ ጥቅላችን በከንቱ አያልቅም፤ ኔትወርክ ሲኖር የመረጥነውን ስብከት አውርደን መስመር ሲቋረጥ እንሰማለን።

የገባንባቸው ቻናሎች ዝርዝር በስልካችን ብቻ ሳይሆን በቴሌግራም ማእከልም ስለሚቀመጥ፣ ስልክ ብንቀይር በዚያው ቁጥር ስንገባ ይመለሳል። እንግዲህ የመግቢያ ኮዳችንን ለማንም አንስጥ፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም እናብጅ። በጸሎትና በቅዳሴ ሰዓት ግን ስልኩን አጥፍተን እንቁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።